ኳስና ማዞሪያ፦ በኮሞዶር 64 የራሴን ፖንግ ስሠራ

ቅዳሜ

ዛሬ ከሰልባጅ ገበያ ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ ኮምፒውተር ይዤ ገባሁ። እዚህ ጀርመን ብርቅ ዕቃ አይደለም። በ1982 የወጣ ማሽን ነው፤ ብራውንሽቫይግ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው። ያኔ ልጅ የነበሩት ሰዎች አሁን ከምድር ቤታቸው እያወጡ ይሸጡታል። ከቅርጹ የተነሳ «የዳቦ ሣጥን» ይሉታል። ልጄ ዙሪያውን አየችውና «አባ፣ ስክሪኑን ረስተህ መጣህ እንዴ?» አለችኝ።

ሐሳቤ ፖንግ የሚባለውን የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ከባዶ መሥራት ነው። ሁለት ራኬት፣ አንድ ኳስ፣ መሐል ላይ የተቆራረጠ መስመር፣ ከላይ ነጥብ። አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም፤ በጆይስቲክ አይሆንም። ጆይስቲክ ለማሽኑ የሚነግረው «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ብቻ ነው። ማዞሪያ ግን «እዚህ ነኝ» ይላል። እጅ ትንሽ ከዞረ ራኬቱ ትንሽ ይሄዳል፣ እጅ ከፈጠነ ይፈጥናል። በኪቦርድና በጆይስቲክ የሚሠሩ ብዙ ቅጂዎች ተጫውቻለሁ። ሁሉም ጨው የሌለው ወጥ ናቸው።

ደግሞ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ዋናውን ፖንግ በ1972 የሠራው የአታሪ ኩባንያው አለን አልኮርን ምንም ፕሮግራም አልጻፈም። ማሽኑ ፕሮሰሰር አልነበረውም፤ ነገሩ ሁሉ በቺፕና በሽቦ የተገጣጠመ ነው። እኔ ፕሮግራም ሆኖ የማያውቅን ነገር በፕሮግራም ልቀዳ ነው።

ከማሽኑ ጋር የመጣውን ፓወር ሰፕላይ አልሰካሁትም። ሻጩ «ይሠራል» ብሎኛል፤ ይሠራ ይሆናል። ግን የኮሞዶር 64 አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ዝም ብሎ አይሞትም። ከ5 ቮልት በላይ ይለቅና የማስታወሻ ቺፖቹን ይጠብሳቸዋል። አዲስ አዘዝኩ። ማሽን በ20 ዩሮ፣ ፓወር ሰፕላይ በ45።

እሑድ፣ ከሳምንት በኋላ

ፓወር ሰፕላዩ መጣ። ያ ሰማያዊ ስክሪንም መጣ። «38911 ባይት ነጻ» ይላል። ከ64 ኪሎ ባይቱ ለቤዚክ፣ ማለትም ለማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የሚተርፈው ይሄው ነው።

የመጀመሪያዋ ኳስ ቀላል መሆን ነበረባት። ስክሪኑ 40 አምድና 25 መስመር ያለው፣ 1000 ቤት ነው። የመጀመሪያው ቤት አድራሻ 1024። ማንኛውም ቤት ላይ 81ን ፖክ ካደረጉ፣ ማለትም ቁጥሩን በአድራሻው ካስቀመጡ፣ ድቡልቡል ኳስ ይወጣል፤ 32 ካደረጉ ይጠፋል። መጻፍ፣ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ያለው ቤት ላይ መጻፍ። ኳስ ሄደች ማለት ነው።

ግን ምንም አይታይም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጥሮቹን ስቆጥር ቆየሁ። ለካስ ኳሷ ስትሄድ ኖራለች! የፊደሎቹ ቀለም ለብቻው ከ55296 ጀምሮ ነው የሚቀመጠው። የእኔ ማሽን ከቀደሙት አንዱ ስለሆነ ስክሪኑ ሲጸዳ የሁሉንም ቤት ቀለም ከጀርባው ጋር አንድ ያደርገዋል። ሰማያዊ ኳስ በሰማያዊ ሜዳ ላይ። ቀለሙን ነጭ ሳደርገው ወጣች። ልጄ አጨበጨበች። ከዚያ ትንሽ አይታ «ግን ለምን እንደ እንቁራሪት ትዘላለች?» አለች። ልክ ናት። ከቤት ወደ ቤት ስትሄድ 8 ፒክሰል ነው የምትዘለው።

ማክሰኞ ማታ

እንቁራሪቷን ወደ ስፕራይት ቀየርኳት፤ የምስል ቺፑ ራሱ ስክሪኑ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሥዕል ነው። ይህ ማሽን 8 ስፕራይት አለው፤ እያንዳንዱ 24 በ21 ፒክሰል፣ 63 ባይት። አንዴ ቅርጹን ከሰጡት በኋላ ቦታውን መንገር ብቻ ነው፤ 53248 ላይ አግድም፣ 53249 ላይ ቁልቁል። የቀረውን ቺፑ ራሱ ይሥላል፣ ራሱ ያጠፋል።

ኳሷ ለስላሳ ሆና ሄደች፣ ከዚያ ከስክሪኑ ሦስት አራተኛ ላይ ስትደርስ ፕሮግራሙ በስህተት ቆመ። አንድ ባይት ከ255 በላይ አይይዝም፤ ስክሪኑ ግን ከዚያ ይሰፋል። የተረፈው አንድ ቢት 53264 ላይ ለብቻው ይጻፋል። ይህን ማሽን የነካ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ አንዴ ይደናቀፋል። ተደናቅፌ ተነሣሁ፣ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ከጋሼ ጋር

ጋሼ ሁለት ሕንፃ አልፈው ነው የሚኖሩት። ድሮ ፒያሳ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ስልክ ደውዬ «ለማዞሪያ የሚሆን ፖቴንሺዮሜትር ይኖርዎት ይሆን?» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቮልዩም በለኝ እንጂ!» አሉኝ። የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ቮልዩም ይዘው መጡ። መነጽራቸውንም፣ የራሳቸውን መበየጃም።

መጀመሪያ አሠራሩን አስረዳኋቸው። በማሽኑ ውስጥ ድምፅ የሚያወጣው ቺፕ ሲድ ይባላል። ማዞሪያውን የሚያነበውም እሱ ነው። ቮልቴጅ አይለካም፤ ጊዜ ነው የሚቆጥረው። ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር አለች። ቺፑ ባዶ ያደርጋታል፤ ከዚያ በቮልዩሙ በኩል እስክትሞላ ይቆጥራል። ለማራገፍ 256 ምት፣ ለመቁጠር 256 ምት፣ ድምር 512። በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ምት ለሚመታ ማሽን ይህ ምንም አይደለም። ቮልዩሙ ኤሌክትሪኩን የበለጠ ሲከለክል ኮንደንሰሯ በዝግታ ትሞላለች፣ ቁጥሩም ከ0 ወደ 255 ይወጣል።

«የቦኖ ውሃ ነው በለኛ» አሉ ጋሼ። «ቧንቧው ሲጠብ ጀሪካኑ ይዘገያል።»

ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አበያየዱ ይህን ይመስላል። መሰኪያው 9 እግር አለው። 7ኛው 5 ቮልት ነው፣ 8ኛው መሬት። 9ኛው የመጀመሪያውን ማዞሪያ ያነባል፣ 5ኛው የሁለተኛውን። ስለዚህ አንድ መሰኪያ ሁለት ተጫዋች ይችላል። የቮልዩሙን ዳር እግር ከ7፣ መሐለኛውን ከ9። ሦስተኛው እግር ባዶ ይቀራል። ኳስ መልቀቂያ ቁልፎቹ ከ3ኛና ከ4ኛ ተነሥተው 8ኛ ላይ ያርፋሉ።

ከዚያ ቮልዩም መምረጥ መጣ። ቀኑን የበላው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ጋሼ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ 100 ኪሎ ኦም ሰጡኝ፤ ኦም ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅም መለኪያ ነው። ከጥግ እስከ ጥግ አዞርኩት፤ ቁጥሩ ከ55 አላለፈም። ጀሪካኑ በጣም ቶሎ ይሞላል። ኮሞዶር ራሱ በማዞሪያዎቹ ውስጥ ያስገባው 470 ኪሎ ኦም ነው። የአታሪ ማዞሪያዎች ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ናቸው፤ መሰኪያው አንድ ስለሆነ እዚህም ይገባሉ፣ ግን ግማሽ ዙር ላይ 255 ይደርሱና የቀረው ዙር ባዶ ነው።

ሁለተኛው 500 ኪሎ ኦም ነበር። ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ሄደ። ደስ አለን፣ ቡና ተፈላ። ሩጬ ከራኬቱ ጋር ሳገናኘው ግን ጉድ ሆነ። ከዙሩ ግማሽ በላይ ራኬቱ አንድ ጥግ ላይ ሲንፏቀቅ ይቆያል፤ ከዚያ በቀረችው ዙር ስክሪኑን በአንዴ ያቋርጠዋል። ኮዱን መመርመር ጀመርኩ። ጋሼ ኮዱን አላዩም። ቮልዩሙን ገልብጠው ጀርባውን አዩና ሳቁ። «ይኼ እኮ የጆሮ ነው።»

የድምፅ ማስተካከያ ቮልዩም ሆን ተብሎ እኩል እንዳይሄድ ነው የሚሠራው። ጆሯችን ድምፅን እኩል በእኩል አይሰማም። ስለዚህ ቮልዩሙ መጀመሪያ በዝግታ፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነት እንዲጨምር ተደርጓል። ጀርባው ላይ «ኤ» ተጽፎበታል። ለዓይንና ለእጅ የሚሆነው እኩል የሚሄደው፣ «ቢ» የተጻፈበት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሁለት «ቢ 500 ኪሎ» ተገኙ። ያለ ጋሼ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮዱን ስወቅስ እከርም ነበር።

አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ራኬቱ ወደ ላይ ሄደ። ሽቦውን ከአንዱ ዳር እግር ነቅሎ ወደ ሌላው ማዞር ነው፤ ሁለት ደቂቃ።

ቤት ደግሞ ያስፈልጋቸዋል። ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ልክ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ውስጡን በፕላስተር ለበጥኩት፤ 5 ቮልቱና መሬቱ በቆርቆሮው ከተገናኙ ለማሽኑ መልካም አይደለም። ማዞሪያው ጫፍ ላይ የሃይላንድ ክዳን ተጣበቀ። ጥርስ ጥርስ ስላለው ለጣት ይመቻል። በፋብሪካ ከተሠራው አያንስም ብል ጋሼም ይመሰክራሉ።

ልጄን ያስጠነቀቅኳት አንድ ነገር፦ ማሽኑ በርቶ እያለ መሰኪያ አይነካም። በጣት የሚመጣ ብልጭታ ኪቦርዱንና መሰኪያውን የሚያነበውን ቺፕ ሊገድል ይችላል።

እሑድ

ራኬቱ ይንቀጠቀጣል።

እጄን ሳላንቀሳቅስ ቁጥሩን አተምኩት። 118፣ 119፣ 118፣ 118፣ ከዚያ በድንገት ሌላ ዓለም፣ ከዚያ ተመልሶ 118። ሁለት በሽታ ነው። ትልቁ ዝላይና ትንሿ መንቀጥቀጥ።

ትልቁ የኪቦርዱ ጣጣ ነው። ማሽኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የያዘውን ሥራ አቋርጦ የተነካ ፊደል እንዳለ ያያል። ለዚህ የሚጠቀምበት 56320 የሚባለው አድራሻ ደግሞ የትኛው መሰኪያ ከሲድ ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነውም ነው። አንድ በር ለሁለት ቤት። ንባቤ ከፍተሻው ጋር ከተጋጨ ቁጥሩ ይቆሽሻል። በቤዚክ ይህን ማስቆም አይመችም።

ስለዚህ ቤዚክን እዚህ ላይ ተሰናበትኩት። ለነገሩ ቀርፋፋም ነው፤ ሁለት ራኬትና አንድ ኳስ ሲሸከም ወገቡ ይንቀጠቀጣል። በማሽን ቋንቋ ሥራ ማቋረጡን አጠፋሁ፣ መሰኪያውን አንዴ መረጥኩ፣ አበቃ። ጨዋታው ኪቦርድ አያስፈልገውም።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ ትንሿን መንቀጥቀጥ። መጀመሪያ ጋሼ በስልክ ባዘዙኝ መሠረት ቮልዩሞቹ ውስጥ የመገናኛ ማጽጃ ነፋሁ፣ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዞርኳቸው። ግማሹ ቀነሰ። የቀረው 118 እና 119 መካከል መወዛወዝ ነው።

የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ አማካይ መውሰድ ነበር። የመጨረሻዎቹን 8 ንባቦች ደምሮ ለ8 ማካፈል። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ራኬቱ ግን ገንፎ ውስጥ የሚሄድ ሆነ። ጨዋታው በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚታደሰው፤ ስምንት ንባብ ማለት ራኬቱ እጄ ያለበት ቦታ ለመድረስ 0.16 ሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ኢምንት ናት። እጅ ላይ ግን ትታወቃለች። ልጄ ሁለት ኳስ አመለጣትና «ይሄ ሰነፍ ነው» ብላ ማዞሪያውን አስቀመጠችው።

አማካዩን ጣልኩት። በምትኩ አንዲት ንጽጽር ጻፍኩ፦ አዲሱ ንባብ ከአሮጌው በ1 ብቻ ከተለየ ዝም በል፣ በ2 ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ ወዲያው ሂድ። እጅ ሲቆም ራኬቱ ይቆማል። እጅ ሲሄድ ወዲያው ይሄዳል። በአምስት ትእዛዝ ገደማ አለቀ። ስንት ሰዓት ሳብሰለስል ቆይቼ!

በዚሁ ላይ ሌላ ደስ የሚል ሒሳብ ተገኘ። ማዞሪያው ከ0 እስከ 255 ይሰጣል። ራኬቱ ስፕራይት ነው፣ ቁልቁል እጥፍ ተስቦ 42 ፒክሰል ሆኗል። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድበት ቦታ 158 ነው። ይህ ፕሮሰሰር ማባዛት አያውቅም። ለ2 ማካፈል ግን ለሱ ቢቶቹን አንዴ ወደ ቀኝ መግፋት ነው። 255 ለ2 ሲካፈል 127። ለ8 ሲካፈል 31። ድምሩ 158! የሜዳው መነሻ 50 ስለሆነ እሱን መጨመር ብቻ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ለብቻዬ ወጥ ቤት ውስጥ ጨፈርኩ።

ቅዳሜ

ጨዋታ ሆነ፣ ግን አሰልቺ ነው። ኳሷ እንደ መስታወት ብርሃን በመጣችበት ማዕዘን ትመለሳለች። ራኬቱ የት ላይ እንደመታት ምንም ለውጥ የለውም። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ልጄ ማዛጋት ጀመረች።

አልኮርንም እዚሁ ነበር የደረሰው። መፍትሔው ራኬቱን 8 ቦታ መክፈል ነበር። መሐል ላይ ስትመታ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ወደ ጫፍ በቀረበች ቁጥር ይበልጥ በሰያፍ ትሄዳለች። ደግሞ ኳሷ ብዙ ስትመላለስ ፍጥነት ትጨምራለች። እኔ 7 ቦታ ነው የከፈልኩት። የራኬቱ 42 እና የኳሷ 8 ፒክሰል 49 የመነካኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። ያንን ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ስገፋው ከ0 እስከ 6 ይሆናል። ጎዶሎ ቁጥር መሆኑ ተመቸኝ፤ አንዲት መሐል አለችው። ለየክፍሉ የቁልቁል ፍጥነት በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። ፍጥነቱ ሙሉ ፒክሰል ብቻ ከሆነ ማዕዘኖቹ ድርቅ ይላሉ። ስለዚህ ለኳሷ ቦታ ሁለት ባይት ሰጠኋት፤ አንዱ የሚታየው ፒክሰል፣ ሌላው የማይታይ ሽርፍራፊ።

አሁን ሌላ ጨዋታ ነው። በራኬቱ ጥግ ልትመታት ትፈልጋለህ፣ ትፈራለህ፣ ትሞክራለህ፣ ትስታለህ።

አንድ ችግር ተፈጠረ። ኳሷ አንዳንዴ ራኬቱ ውስጥ ትገባና ድድድድ እያለች ትንቀጠቀጣለች። ተነካኩ፣ አቅጣጫ ቀየረች፣ በሚቀጥለው ምስልም ገና ተነካክተዋል፣ እንደገና ቀየረች። ወደ ራኬቱ እየመጣች ከሆነ ብቻ አቅጣጫ ትቀይር ብዬ ጨመርኩ። ወጣች።

በዋናው ፖንግ ራኬቱ እስከ ስክሪኑ አናት አይደርስም። ሰርኪዩቱ ላይ የነበረ ጉድለት ነው፤ አልኮርን ግን ሆን ብሎ ተወው። ሁለት ጎበዞች ከተገናኙ ጨዋታው አያልቅም ብሎ። እኔ መጀመሪያ «ጉድለት ነው» ብዬ እስከ አናት አደረስኩት። ዛሬ ከልጄ ጋር አንድ ኳስ ሳናስመልጥ ሁለት ደቂቃ ስንመላለስ ቆየንና ሐሳቤን ቀየርኩ። አሁን የእኔም ራኬት ከአናቱ 8 ፒክሰል ዝቅ ብሎ ይቆማል። ልክ ኳሷን የምታሳልፍ ቀዳዳ። ግድግዳውን ታክካ ከመጣች መድኃኒት የላትም።

ሰኞ ማታ

ድምፅ። ሲድን የሚያህል ቺፕ ይዤ ሦስት ጡጥታ ብቻ አወጣሁበት፤ ለራኬት፣ ለግድግዳ፣ ለነጥብ። አልኮርን እኮ የሕዝብ ጩኸትና ጭብጨባ አስገባ ሲሉት ማሽኑ ውስጥ ቀድሞ ከነበረው የምስል ማመሳሰያ ሰርኪዩት ላይ ድምፅ ለቅሞ ነው ያወጣው። እኔም አላበዛሁም።

ሐሙስና ዓርብ

ነጥብ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ትሄዳለች፤ አሁን የግእዝ ቁጥር ላይ ናቸው። «የኛን ቁጥር አድርገው» አለች። እሺ አልኩ።

8 በ8 ፒክሰል ውስጥ አይገባም። ከላይና ከታች ያለው ሰረዝ ብቻውን ሁለት መስመር ይበላል፣ ፮ እና ፯ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ለያንዳንዱ አራት ቤት ሰጠሁ፤ 16 በ16። አሥር ቁጥር፣ አርባ የተሣለ ቤት። በካሬ ወረቀት ላይ እሷ ሣለች፣ እኔ ወደ ባይት ቀየርኩ። አዲሱን ፊደል 12288 ላይ አስቀምጬ 53272ን ስነግረው አንድ ጊዜ ተገለጠ። ያ ሁሉ ዓመት ያስቆጠረ ሣጥን ላይ ፫ እና ፭ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ጨዋታው ሲጀመር የሚታየው ነጥብ ጋ ስንደርስ ተያየን። በግእዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ባዶ እንዲሆን ወሰንን። ነጥብ የሌለው ነጥብ አይጻፍለትም። ጨዋታው የሚያልቀው እንደ ዋናው በ11 ነው፤ ፲ እና ፩ ጎን ለጎን።

ቅዳሜ

ጋሼ መጡ። ከልጄ ጋር ተቀመጡ። እሷ ማዞሪያውን በሙሉ መዳፏ ነው የምትይዘው። እሳቸው በሁለት ጣት፣ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው፣ ጆሯቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው። የመጀመሪያዎቹን አራት ነጥቦች በተከታታይ ወሰዱ። «ጋሼ፣ ተለማምደው ነው የመጡት!» ብላ ጮኸች። «አርባ ዓመት» አሉ።

ከዚያ እሷ የአናቱን ቀዳዳ ማነጣጠር ጀመረች። ፯ ለ፯ ሆኑ። ፱ ለ፱። መጨረሻ ላይ ኳሷ ግድግዳውን ታክካ መጣች፤ ጋሼ እስከ ጥግ አዞሩ፣ ራኬቱ ቆመ፣ ኳሷ አለፈች። ፲፩ ለ፱።

ጋሼ ቆርቆሮውን ገልብጠው አዩት። ጆሯቸው ጋ አድርገው ወዲያ ወዲህ አዞሩት።

«ይኼ ቮልዩም ይንኳኳል» አሉ። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ነጥቡ አይጸናም።»